አማርኛው ያው አማርኛ ነው፣ ፍርዱ ግን እንደ ተናጋሪው ነው

አንድ ፈረንጅ ፒያሳ ወይ አራት ኪሎ ካፌ ገብቶ "ሰላም ነው፣ አንድ ማኪያቶ ስጠኝ" ቢላት አስተናጋጇ ደስ ብሏት ትስቃለች፣ አጠገቡ የተቀመጡት ዞር ብለው "ኧረ አማርኛ ይችላል!" ይላሉ፣ ሴቷን "ስጠኝ" ማለቱን ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም፣ እንደውም እሱ ራሱ ይጣፍጣል። ለክረምት ከአሜሪካ የመጣ የዲያስፖራ ልጅም አማርኛው እየተሰባበረ ሲያወራ "ኡፍ ሲያምር" ነው ሚባለው። እዛው ካፌ ውስጥ ግን ከወላይታ ወይ ከሀዲያ የመጣ፣ ዲግሪውን የያዘ፣ አማርኛን ተምሮት ሀሳቡን ሁሉ ያለችግር የሚገልጽ ልጅ ስልክ ሲያወራ ከጎኑ ያለው ጠረጴዛ ሙድ መያዝ ይጀምራል፣ አንዱ ቃሉን እየደገመ ያስመስላል ሌሎቹ ይስቃሉ። የልጁ አማርኛ ከፈረንጁ ጋር ሚወዳደር እንኳን አይደለም፣ በጣም ይበልጣል። ግን ፈረንጁ የተጨበጨበለት እሱ ደግሞ የተሳቀበት በዛው በአንድ ቋንቋ ነው።

እኔ ይሄን ነገር ቀልድ ነው ብዬ ማለፍ አልቻልኩም፣ ምክንያቱም ሳቁ እዛ ጠረጴዛ ላይ አያበቃም። ሥራ ቅጥር ላይ ይመጣል፣ ቤት ኪራይ ላይ ይመጣል፣ ክፍል ውስጥ ይመጣል፣ ፍርድ ቤት ድረስም ይሄዳል። ደግሞ ሰው አነጋገር ላይ ሲፈርድ "አማርኛውን አበላሸው" ይበል እንጂ የሚፈርደው ሰውየው ከየት እንደመጣ ሰምቶ፣ የመጣበትን ቦታ እሱ ጭንቅላቱ ውስጥ ካለው መሰላል ላይ አስቀምጦ ነው። ፈረንጁ ከላይ ስላለ ስህተቱ ይጣፍጣል፣ ከታች የተቀመጠው ሰው ትክክሉም ያስቃል።

እስቲ መጀመሪያ አክሰንት ወይም ቅላፄ የምንለው ነገር ከየት እንደሚመጣ እንይ። ህጻን ሲወለድ ጆሮው ለየትኛውም ቋንቋ ክፍት ነው። ጃኔት ዌርከርና ሪቻርድ ቲስ የሚባሉ ካናዳ ውስጥ የሚሰሩ ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 1984 ባወጡት ጥናት እንግሊዝኛ ብቻ እየሰሙ ሚያድጉ ህጻናት በ6 እና በ8 ወር መሀል የህንድኛ ድምፆችን ይለያሉ፣ 1 ዓመት ሲጠጉ ግን አብዛኞቹ መለየት ያቆማሉ። ጆሮ በዚህ እድሜ ቤት ውስጥ ለሚሰማው ቋንቋ ራሱን ያስተካክላል፣ አፍ ደግሞ ጆሮን ይከተላል። ስለዚህ በኋላ ላይ የምንማረው ቋንቋ ሁሉ በመጀመሪያው ቋንቋ ወንፊት ነው ሚያልፈው፣ ጎበዝ ብትሆንም ብትሰንፍም ያልፋል። ከጭንቅላት ብስለት ጋር የሚያገናኘው ምንም ነገር የለም።

አዲስ አበባ ተወልደን ያደግን ሰዎች ደግሞ ትልቁ ችግራችን እኛ አክሰንት የለንም ብለን ማመናችን ነው። አለን እኮ! ፊደላችንን እዩት፣ ሀ እና ሐ እና ኀ፣ አ እና ዐ፣ እነዚህ በግዕዝ የተለያዩ ድምፆች ነበሩ፣ አማርኛ ላይ ተደባልቀው ቀርተው ነው ተማሪ ሁሉ የትኛውን ልጻፍ እያለ ሚቸገረው። ትግርኛ ተናጋሪ ሐ እና ዐን ዛሬም ከጉሮሮው ለይቶ ያወጣቸዋል። እሱ "ዓድዋ" ሲል እኛ "አድዋ" ነው የምንለው፣ ድምፁን ያጣነው እኛ ሆነን ሳለ ምንስቀው እኛ ነን። ኦሮምኛ ላይ "ዹጋ" የሚለውን ቃል፣ እውነት ማለት ነው፣ በትክክል የሚያወጣ የአማርኛ ተናጋሪ ስንት ነው? አብዛኛው "ዱጋ" ብሎ ያልፋል፣ ዸ ለሚባለው ድምፅ አፋችን አልሰለጠነማ። ኦሮሞው ሰምቶ ዝም ይላል፣ ሀሳቡ ስለገባው።

ከዚህ ሁሉ በላይ እኔን የሚያስገርመኝ ግን የጸ ነገር ነው። ሸዋ ውስጥ፣ አዲስ አበባም ጭምር፣ ጸጉርን ጠጉር፣ ጾምን ጦም ማለት የተለመደ ነው፣ ትልልቅ ሰዎች ሁሌም እንደዛ ነው የሚሉት፣ ማንም ሰው ሰምቶ አይስቅም፣ "የድሮ ሰው አነጋገር" ይባልና ይታለፋል። ኦሮምኛ አፉን የፈታ ሰው ግን እንደዛው ጸን ወደ ጠ ሲያስጠጋት "አፉ አይታዘዝለትም" ይባላል። ድምፁ አንድ ነው። ከአንዱ አፍ ሲወጣ እንደ ወግ፣ ከሌላው አፍ ሲወጣ እንደ ጉድለት ይቆጠራል። ለኔ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም፣ የሚለካው ድምፁ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ላይ እኩል ይሳቅ ነበር ወይ ደግሞ ሁለቱም ላይ አይሳቅም ነበር።

የአማርኛው የራሱ ዘዬም ከዚህ አያመልጥም። የጎጃም ሰው "እሽ" ስላለ፣ የወሎ ሰው ቃሉን ለስለስ አድርጎ ስለጎተተው ከተማ ውስጥ ፋራ፣ ሰገጤ፣ ባላገር የሚል ስም ይለጠፍበታል። እንግዲህ አስቡት፣ የቅኔ ትምህርት ሲነሳ ስማቸው አብሮ ሚነሳው ዋሸራ፣ ጎንጅ እና ዋድላ ናቸው፣ ሁለቱ ጎጃም አንዱ ወሎ። ሰምና ወርቅ ምናምን እያልን ምንኮራበት የቋንቋ ጥበብ የተቀመረው በዛው በምንስቅበት ቅላፄ ነው። ለመድረክና ለግጥም አማርኛ የማይደፈር ቦታ የያዘው ጸጋዬ ገብረመድኅን የተወለደው አምቦ አጠገብ ቦዳ ነው፣ ያደገውም ኦሮምኛና አማርኛ አብሮ እየሰማ ነው። ጥላሁን ገሠሠ ወሊሶ ነው ያደገው፣ በሁለቱም ቋንቋ ዘፍኗል። አማርኛን ያሳመሩት ሰዎች አዲስ አበቤ ብቻ አልነበሩም ለማለት ነው።

ከተማዋስ ብትሆን? አዲስ አበባ በ1879 ስትቆረቆር አዲስ አበቤ የሚባል ሰው አልነበረም። ያኔ በዚህ መሬት ላይ ሲኖር የነበረው ፊንፊኔ የሚላት ኦሮሞ ነው፣ ከዛ ወታደሩም ነጋዴውም ካህኑም ከየአገሩ እየመጣ የየራሱን ሰፈር ሰራ። ወሎ ሰፈር፣ ጎፋ ሰፈር፣ ዶርዜ ሰፈር፣ አደሬ ሰፈር፣ ጎጃም በረንዳ እያልን ታክሲ የምንሳፈርባቸው ስሞች የዛ ትዝታ ናቸው። ዛሬ "ንጹህ" የምንለው የከተማ አማርኛ የነዚህ ሁሉ ሰዎች አፍ ገበያ ላይ ተጋጭቶ የወጣ ነገር ነው፣ ጣሊያንኛ አለበት፣ ፈረንሳይኛ አለበት፣ ዓረብኛ አለበት፣ ፌርማታ ለገሃር ሱቅ እንላለን። አራዳ የሚለው ቃል ራሱ የጊዮርጊስ አካባቢ የነበረው ትልቁ ገበያ ስም ነው፣ ጣሊያን ገበያውን ወደ አሁኑ መርካቶ እስኪያዛውረው ድረስ ከየክፍለ ሀገሩ የመጣ ሰው ሁሉ የሚገናኝበት ቦታ ነበር። የከተማ ልጅነት መለኪያ ያደረግነው ስም ከየአገሩ የመጡ ሰዎች ገበያ ስም ነው።

አንዳንድ ሰው "እኔ አልንቅም፣ ዝም ብሎ አነጋገሩ ስለሚያስቅ ነው" ይላል። እዚህ ላይ ጥናቶቹ ጠንካራ ነገር ይነግሩናል። ዋላስ ላምበርት የሚባል የስነ ልቦና ሰው ካናዳ ሞንትሪያል ላይ ከባልደረቦቹ ጋር ሰርቶ በፈረንጆቹ 1960 ባወጣው ጥናት ሁለት ቋንቋ አቀላጥፈው የሚናገሩ ሰዎች አንዱን ጽሑፍ አንዴ በእንግሊዝኛ አንዴ በፈረንሳይኛ እያነበቡ ተቀረጹ፣ የሚሰሙት ሰዎች የተለያዩ አንባቢዎች ናቸው ብለው ነው ያሰቡት። ያው ሰው በእንግሊዝኛ ሲያነብ የበለጠ አስተዋይ፣ የበለጠ ቁመና ያለው፣ ረጅም ሁሉ ተደርጎ ተገመተ። ቁመቱን ከድምፁ! የሚያሳዝነው ደግሞ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ ራሳቸው በገዛ ቋንቋቸው ያነበበውን ዝቅ አድርገው መገመታቸው ነው። ይሄ እኛም ጋር አለ፣ ከክልል መጥቶ ዓመታት የኖረ ሰው "የኔ አማርኛ ደስ አይልም፣ አንተ ተናገርልኝ" ብሎ ለከተማ ጓደኛው ነገሩን ሲያስረክብ ብዙ ጊዜ ነው ያየሁት፣ ጉዳዩን ከሁሉም በላይ የሚያውቀው እሱ ሆኖ።

ሌላው ዶናልድ ሩቢን በፈረንጆቹ 1992 አሜሪካ ጆርጂያ ውስጥ የሰራው ነው። ለተማሪዎች የአንዲት እንግሊዝኛ አፏን የፈታችበት ሴት ሌክቸር በቴፕ አሰማቸው፣ ለአንዱ ቡድን የነጭ ሴት ፎቶ ለሌላው ቡድን የእስያዊ ሴት ፎቶ እያሳየ። እስያዊቷን እያዩ ያዳመጡት አክሰንት ሰማን አሉ፣ ትምህርቱንም በደንብ አልያዙትም። ቴፑ አንድ ነው እኮ። እንግዲህ "አነጋገሩ አይገባኝም" የምንለው ነገር ስንቱ ጆሮ ላይ ስንቱ ደግሞ ዓይንና ግምት ላይ እንዳለ ከዚህ ማየት ይቻላል። በርግጥ ያልለመዱት ቅላፄ ለጆሮ ትንሽ ይከብዳል፣ ይሄ አይካድም፣ ግን ትንሽ ስትሰማው ጆሮህ ይለምዳል፣ ለመስማት ፈቃደኛ ከሆንክ።

ቤት ኪራይን በተመለከተ ጆን ባው የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ የቋንቋ ምሁር ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ እየደወለ ቤት ፈልጓል፣ አንዴ እንደ ነጮቹ አንዴ እንደ ጥቁሮቹ አንዴ ደግሞ እንደ ሜክሲኮ ተወላጆቹ እያወራ። ነጭ በሚበዛበት ሰፈር ቀጠሮ ሚሰጠው በብዛት እንደ ነጭ ሲያወራ ነበር። ከባልደረቦቹ ጋር በፈረንጆቹ 1999 ባወጡት ጽሑፍ ደግሞ ሰዎች "ሄሎ" የምትለዋን አንድ ቃል ብቻ ሰምተው ከ100 ወደ 70 በሚሆነው ጊዜ ተናጋሪው ከየትኛው ወገን እንደሆነ ለይተዋል። አዲስ አበባ ላይ ቤት የፈለገ ሰው ይሄን ለመረዳት ጥናት አያስፈልገውም። ደላላው ጋር ተደዋውለህ፣ ዋጋ ተስማምተህ፣ አከራይዋ ስልኩን ተቀብለው ሁለት ዓረፍተ ነገር እንደሰሙህ "አገርህ የት ነው ልጄ?" ይሉሃል፣ ከዛ "እደውልልሃለሁ" ነው፣ አይደወልም። እምቢ ያሉህ በምን እንደሆነ በግልጽ አይነገርህም፣ ስለዚህ ማንንም መክሰስ አትችልም፣ ራስህን ትጠራጠራለህ እንጂ።

ሥራ ላይም ያው ነው። "ጥሩ የመግባባት ችሎታ ያላት" የምትለዋ የማስታወቂያ ዓረፍተ ነገር አለች፣ ድሮ አራት ኪሎ ቦርድ ላይ አሁን ቴሌግራም ላይ። መግባባት ማለት ደንበኛው የፈለገውን ተረድቶ መልስ መስጠት ከሆነ ኦሮምኛና አማርኛ ወይም ሲዳምኛና አማርኛ ሚችል ሰው ከማንም በላይ ተግባቢ ነው፣ ግን ኢንተርቪው ላይ ብዙ ጊዜ የሚለካው የቦሌ ልጅ ይመስላል አይመስልም ነው፣ መሀል መሀል እንግሊዝኛ ጣል ካደረገማ በቃ "ኮንፊደንት ነው" ይባላል። ኮል ሴንተር፣ ሪሴፕሽን፣ ሴልስ የመሳሰሉት ላይ ይሄ በጣም ይታያል። አንዲት የማውቃት ልጅ አካውንቲንግ በጥሩ ውጤት ጨርሳ ከደቡብ መጥታ ነበር፣ የጽሑፍ ፈተና ስታልፍ ስልክ ኢንተርቪው ላይ ስትቀር በመጨረሻ ማውራት የማይጠይቅ ሥራ ብቻ መፈለግ ጀመረች። የተቀጠረችበት ቦታ ስብሰባ ላይ ዝም ስለምትል "ሀሳብ የላትም" ተባለች።

እኔ ትልቁን ጉዳት እዚህ ጋ ነው የማየው። ሰው የሚሳቅበት ከሆነ ዝም ይላል፣ ዝም ሲል ደግሞ ዝምታው እንደ አለማወቅ ይቆጠርበታል፣ ከዛ መጀመሪያ የሳቀው ሰው "አላልኳችሁም?" ይላል። በ1986 በወጣው የትምህርት ፖሊሲ መሰረት አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻው ተምሮ አማርኛን እንደ አንድ የትምህርት አይነት ብቻ የወሰደ ስንት ትውልድ አለ፣ ይሄ መብቱ ነው፣ ጥሩ ነገርም ነው፣ ያ ልጅ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርስቲ ገብቶ ፕረዘንቴሽን ሲያቀርብ ከኋላ ሚሳቅ ከሆነ ግን ሁለተኛ እጁን አያወጣም። መምህሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ አብሮ ፈገግ ይላል እንጂ አያስቆምም።

ህጻናት ላይ ያለውን ብዙ ሰው አያነሳውም። ለሥራ ከገጠር የመጣች ልጅ ቤት ውስጥ ስታወራ የቤቱ ልጆች ያስመስሏታል፣ ትልልቆቹ ይስቃሉ፣ በዚህ ነው ልጅ ገና በ4 በ5 ዓመቱ ማን ከማን በታች እንደሆነ በጆሮው የሚማረው። የወላጅ ስብሰባ ሲጠራ ደግሞ "እማዬ አንቺ አትምጪ አባዬ ይምጣ" የሚሉ ልጆች አሉ፣ እናትየው አማርኛ ስትናገር ጓደኞቻቸው እንዳይሰሙባቸው። እናትየው ምክንያቱ ይገባታል፣ ግን ምን ትላለች?

ኮሜዲውም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ዘበኛው፣ ሰራተኛዋ፣ የሱቅ ባለቤቱ በዘዬ እንዲያወሩ ይደረጋል፣ ዶክተሩና ዳኛው ግን የከተማ አማርኛ ነው የሚያወሩት። አንድ ቀልድ ብቻውን ማንንም አይገድልም፣ ሰው ከነአነጋገሩ መድረክ ላይ መውጣቱም ጥሩ ነው። ግን ያ አነጋገር ሁልጊዜ ከሞኝነት ወይ ከገንዘብ ስስት ጋር ብቻ ተጣብቆ ሲመጣ አድማጩ በእውነተኛው ህይወት ያንን ቅላፄ ሲሰማ ገና ሰውየው ሳይጨርስ ሳቁ ይቀድመዋል። ዘዬ ያለው ዶክተር እስካሁን ስንት ድራማ ላይ አይታችኋል?

ከዚህ የከበደው ደግሞ አነጋገር እንደ መታወቂያ ሲያገለግል ነው። ፋይዳ ላይ ብሔር የሚል ቦታ የለም፣ አፍ ላይ ግን ሰው ያነበዋል። የጥንት ነው ይሄ፣ መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 12 ላይ የዮርዳኖስን መሻገሪያ የያዙት የገለዓድ ሰዎች የሚያልፈውን ሁሉ "ሺቦሌት በል" ይሉት ነበር፣ "ሲቦሌት" ያለው እዛው ተገደለ። ጴጥሮስንም በሊቀ ካህናቱ ግቢ ያሳወቀበት የገሊላ አነጋገሩ ነው። እኛ ከተማ ውስጥ በጦርነቱ ጊዜ ትግርኛ ተናጋሪዎች ታክሲ ውስጥ ስልክ ማንሳት ፈርተው ነበር፣ እናቱ ስትደውል ዘግቶ ከወረደ በኋላ የሚመልስ ሰው ነበር። በ2014 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲታወጅ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ራሱ አዲስ አበባ ውስጥ የሚደረገው እስር ብሔርን መሰረት ያደረገ እንደሚመስልና እንደሚያሳስበው ገልጿል። በዛ ወቅት አነጋገር ከባድ ነገር ነበር። ደግሞ ቅላፄ ብሔርን አይናገርም፣ ያደግክበትን ቦታ ነው የሚናገረው፣ ሻሸመኔ ያደገ አማራ አማርኛው የሻሸመኔ ነው፣ ፒያሳ ያደገ ትግሬ አማርኛው የፒያሳ ነው፣ ጅማ ያደገ ጉራጌም እንደዛው። በዚህ ሰውን መለየት ጭካኔ ብቻ ሳይሆን ስህተትም ነው።

ነገሩ የአንድ ወገን ብቻ እንዳይመስል፣ የአዲስ አበባ አማርኛ ይዘህ ሌላ ከተማ ስትሄድም አፍህን እንደከፈትክ ፖለቲካ ሚለጠፍብህ ቦታ አለ። ያም ያው ጥፋት ነው።

ህጉ ምን ይላል ካልን፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 5 ሁሉም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች እኩል እውቅና አላቸው ይላል፣ አንቀጽ 25 ደግሞ ሰው በቋንቋ ምክንያት ልዩነት እንዳይደረግበት በስም ጠቅሶ ይከለክላል። ችግሩ ሰውየው የተናቀው በሌላ ቋንቋ ስለተናገረ ሳይሆን አማርኛን በራሱ ቅላፄ ስለተናገረ ከሆነ ይሄን ማን ቋንቋ ነው ብሎ ይቀበለዋል? ቀጣሪው "አነጋገሯ ለደንበኛ አይመችም" ካለ እንደ ሙያ መስፈርት ነው የሚታይለት። ቀጣሪ የሆናችሁ ቢያንስ አንድ ነገር ማድረግ ትችላላችሁ፣ የጽሑፉንና የሥራ ፈተናውን ውጤት ከቃል ኢንተርቪው በፊት ሰጥታችሁ ዝጉት፣ ሰውየው ድምፁ ከተሰማ በኋላ ማርክ እንዳይነካ። በአነጋገሩ ማርክ ቀነስኩ የሚል ሰው ካለ ደግሞ ደንበኛው ያልገባው የትኛው ቃል እንደሆነ ይጻፍ።

ፍርድ ቤቱ ለኔ ከሁሉም ያሳስበኛል። "ከአነጋገር ይፈረዳል ከአያያዝ ይቀደዳል" ያሉት አባቶቻችን ሙግት ዋና ጥበብ በነበረበት ዘመን ነው፣ ተከራካሪው ነገሩን እንዴት አድርጎ እንዳቀረበው ለማለት ነው እንጂ በየትኛው አገር ቅላፄ እንደተናገረ ለማለት አይደለም። ዛሬ ልደታ ፍርድ ቤት ተከሶ የቀረበ ሰው ክርክሩ የሚካሄድበት ቋንቋ ካልገባው በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ የማግኘት መብት በአንቀጽ 20 ተሰጥቶታል። ግን ስንቱ ነው አማርኛ "አትችልም" መባልን ፈርቶ "ይገባኛል፣ ልቀጥል" የሚለው? ከዛ ቃል ሲፈልግ ይዘገያል፣ ግሱን ያምታታል፣ ዛሬና ትናንትን ያቀላቅላል፣ ይሄ ደግሞ ቃል ተቀባዩ ላይ የሚዋሽ ሰው መስሎ ይታያል። ላዩ ላይ ቋንቋውን ሚችል ስለሚመስል አስተርጓሚ ይምጣለት የሚልም የለም። ቃል የሚቀበል ፖሊስና ዳኛ "አማርኛ ትችላለህ ወይ?" ብለው ሲጠይቁት ከኩራቱ ጋር ነው የሚያጋጩት። "በየትኛው ቋንቋ ብትናገር ይቀልሃል?" ቢሉት ግን ሰውየው ሳያፍር ይመልሳል፣ ይሄ ጥያቄ ደግሞ ከስምና ከእድሜ ቀጥሎ መዝገቡ ላይ ቋሚ ቦታ ሊኖረው ይገባል።